ቮልስህን ከመቀየርህ በፊት

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ጡረታ ከወጡ አንድ ሰው ላይ በፈረንጅ የ1968 ስሪት ቮልስ 1300 ገዛሁ። ቦዲዋ ደህና ነው፤ ትነሳለች፣ ትሄዳለች። ግን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ጉልበት ታጣለች፣ ማታ መብራቷ መንገድ አያሳይም፣ ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ ትስባለች፣ ውስጧም ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ጓደኞቼ የቶዮታ ሞተር አስገባላት፣ ሰፋፊ ቸርኬ ግጠምላት፣ ዝቅ አድርጋት፣ ጥሩ ሳውንድ ሲስተም አስገጥም ይሉኛል። ለሞተሩ ዋጋ የነገረኝ ጋራዥም አለ። እኔ ግን እንዳለች ደስ ትለኛለች። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ሞተሩን አትቀይር፤ ቸርኬዋንም አትንካ። ነገር ግን «እንዳለች ደስ ትለኛለች» ባልከው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አሁን የምትነዳት መኪና ፋብሪካው የሠራት ቮልስ አይደለችም። ከዘረዘርካቸው ችግሮች ውስጥ የተፈጥሮዋ የሆነው የዳገቱ ጉዳይ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በከፊል። የቀረው ሁሉ ባለፉት ዓመታት የተጠራቀመ የጥገና ዕዳ ነው። ዕዳዋን ስትከፍልላት ሌላ መኪና ትሆንብሃለች። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ራሷ መልሳት፤ ከዚያ ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ንዳት። የመቀየሩን ነገር ከዚያ በኋላ እናወራለን። ብዙ ቮልስ በእጄ አልፏል፤ እንዲህ ካደረገ በኋላ ተመልሶ ሞተር ቀይርልኝ ያለኝ ሰው ግን የለም።

ከሁሉ በፊት ሽታው። ይህን ለነገ አታሳድረው። ቮልስ ላይ ቤንዚን የሚሸተው ከሁለት ቦታ ነው። ታንኩ ያለው ከፊት፣ ፖርታባጋሊው ውስጥ ስለሆነ ሽታው መሪው አካባቢ ከበረታ ታንኩን ከመሙያው አፍ ጋር የሚያገናኘውን ጎማ፣ የመተንፈሻ ቱቦዎቹንና የቤንዚን መለኪያው የተቀመጠበትን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) እይ። ከሃምሳ ዓመት በላይ የኖረ ጎማ ይሰነጠቃል፤ ታንኩን ሞልተህ ስትነሳ ሽታው የሚብሰውም ለዚህ ነው። ሽታው ከኋላ ከሆነ ግን መኪናዋን ጭራሽ አታስነሳ። ከቤንዚን ፓምፑ ቤንዚንን ከአየር ጋር ወደሚቀላቅለው ካርቡራተር የሚሄደው ቱቦ የሚያልፈው ለካንዴላዎቹ እሳት በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር አጠገብ ነው። ጨርቅ የለበሰው የድሮው ቱቦ ከላይ ደህና መስሎ ከውስጥ ያልቃል። ካርቡራተሩ ላይ ቱቦው የሚሰካባት ትንሿ የናስ አፍም በጊዜ ብዛት ላልታ ተነቅላ ትወጣለች። በእሳት የተበላ ቮልስ አይተህ ከሆነ ብዙውን ጊዜ መነሻው ይኸው ነው።

ከታንኩ እስከ ካርቡራተሩ ያለውን የጎማ ቱቦ በሙሉ ቀይረው፤ ለቤንዚን የተሠራ፣ ውስጡ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ሁለቱም ጫፉ በፋሼታ የታሰረ ይሁን። የላስቲክ ፊልትሮውን ብዙ ሰው ሞተሩ ላይ ያንጠለጥለዋል፤ ክብደቱ ያቺን የናስ አፍ ይጎትታታል። ፊልትሮው ታንኩ ሥር ወይም ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አጠገብ ይሁን። እዚያው ሳለህ የኋላ መቀመጫውን አንሳ። ባትሪው በቀኝ በኩል እሱ ሥር ነው። ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ የመቀመጫው ሞላ ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ከነካ መቀመጫው ይቃጠላል። የባትሪው ክዳን ጠፍቶ ከሆነ ወፍራም ጎማ አልብሰው። ባትሪው ያረፈበትን ላሜራም በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርገህ ፈትሸው፤ አሲድና የክረምት እርጥበት መጀመሪያ የሚበሉት እሱን ነው።

አሁን ጓደኞችህ ጉድለት ወደሚሉት ነገር ልምጣ። ፈርዲናንድ ፖርሽ በ1930ዎቹ ይህችን መኪና ሲነድፍ ከተጣሉበት ግዴታዎች ውስጥ በአዲሱ የጀርመን አውራ ጎዳና ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሳታቋርጥ እንድትሄድ፣ ሞተሯ በአየር እንዲቀዘቅዝና ዋጋዋ ተራው ሠራተኛ የሚችለው እንዲሆን የሚሉ ነበሩበት። ቀኑን ሙሉ በሙሉ ፍጥነት የሚሄድ ርካሽ ሞተር መሥራት ቀላል አልነበረም። የተገኘው መላ ሞተሩ ከሚችለው በታች እንዲሠራ ማድረግ ነው። የካርቡራተሩና የአየር መግቢያው ጉሮሮ ሆን ተብሎ ጠቧል፤ ሞተሩ ከዚያ በላይ ስለማይተነፍስ ራሱን ወደሚጎዳበት ዙር አይደርስም። ያንተ 1300 የተሰጠው ጉልበት 40 የፈረስ ጉልበት ነው፤ የመጨረሻ ፍጥነቷ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ደህና ሞተር ያላት ቮልስ ሜዳ ላይ በዚያው ፍጥነት ለሰዓታት ብትነዳት አትማረርም። የመጨረሻዋ ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ፣ ፑብላ ካለው ፋብሪካ ስትወጣ 21,529,464ኛዋ ነበረች። እስከዚያች ድረስ በአየር የሚቀዘቅዘው አራት ሲሊንደር ሞተር ከኋላ እንደተቀመጠ ቀርቷል። ሁለት ካርቡራተር እንግጠም፣ ጉሮሮውን እናስፋ የሚሉህ ሰዎች ይህን ዕድሜ የሰጣትን ነገር ነው ንቀል የሚሉህ።

የዳገቱን ነገር በዚህ ላይ ደምረው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። ስለዚህ ጀርመን አገር 40 የነበረው እዚህ 30 አካባቢ ነው፤ እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ጓደኞችህ የሚያወሩለት የቶዮታ ሞተርም ከዚህ አያመልጥም። ይህ የተፈጥሮ ክፍሉ ነው። ሊስተካከል የሚችለው ክፍል ቤንዚኑ ነው። ካርቡራተርህ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፍ ቀዳዳ ያላት ትንሽ የናስ ብሎን አለች፤ ጄት ይሏታል። ላይዋ የተቀረጸው ቁጥር የቀዳዳዋን ስፋት በሚሊ ሜትር መቶኛ ይናገራል፤ 125 ማለት 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። ያ ቁጥር ለባሕር ጠለል አየር የተመረጠ ነው። እዚህ አየሩ አንሶ ቤንዚኑ እንደነበረ ሲገባ ይበዛል፤ ሞተሩ ይታፈናል፣ ይበላል፣ ጥቁር ያጨሳል። ካንዴላህን ፈትተህ ጫፉ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ምክንያቱ ይህ ነው ብለህ ጀምር፤ ጤነኛው ቀለም ቡናማ ነው። ጄቷን ዝቅ ባለ ቁጥር መለወጥ ሳንቲም የሚያህል ዕቃ መለወጥ ነው፤ ዳገት ላይ ግን ልዩነቱን እግርህ ያውቀዋል። አሮጌዋን እንዳትጥላት፤ ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ወርደህ የምትቆይ ከሆነ ትፈልጋታለህ።

አነዳዱም አለ። በውሃ የሚቀዘቅዝ መኪና የለመደ ሰው ዳገት ላይ ሞተሩን ላለማስጮኽ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ማርሽ ላይ ይዞ እየተንቀጠቀጠ ይወጣል። ቮልስ ላይ ይህ በደል ነው። ማራገቢያው ከሞተሩ ጋር በቺንጋ የታሰረ ስለሆነ ሞተሩ ቀስ ሲል ማራገቢያውም ቀስ ይላል፤ ሸክሙ በከበደበት ሰዓት ማቀዝቀዣውን ትቀንስበታለህ። ጊዜ ሳትሰጥ ወደ ታች ማርሽ ግባ፣ ዙሩ ከፍ ይበል፣ ይጩህ። ድምፁ የሚያስፈራህ ሲሊንደሮቹን ከቦ የሚያፍን ውሃ ስለሌለ ነው እንጂ ስለተጎዳ አይደለም። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስትወጣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ረጋ ብለህ ከወጣህ ደጀን ስትደርስ የሞተሩ ዘይት ጤነኛ ነው። ቁልቁለቱንም ከጎሃ ጽዮን ጀምሮ በዚያው ማርሽ ውረድ፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሰው ታች ሲደርስ ፍሬን የለውም።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን የዲናሞ ቀይ መብራት ደግሞ እንደ ሌላ መኪና አትያት። ዲናሞውና ማራገቢያው አንድ ዘንግ ላይ ናቸው። ቆመህ ሞተሩ ቀስ ሲል ብልጭ ብልጭ ብትል ምንም አይደለም፤ ዲናሞ በዝቅተኛ ዙር ብዙ አይሞላም። እየሄድክ ከበራች ግን ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ነገር የለም። እቤት ልድረስ አትበል፤ እዚያው ዳር ይዘህ አጥፋ። መለዋወጫ ቺንጋና ዳዶውን የሚፈታ ቁልፍ ሁልጊዜ መኪናዋ ውስጥ ይኑር። ማጥበቂያው ልዩ ነው፤ የዲናሞው ፑሌጃ ሁለት ግማሽ ሆኖ በመሃሉ ስስ ሮንዴላዎች አሉት። ሮንዴላ ከመሃል አንስተህ ወደ ውጭ ስታዛውር ቺንጋው ይጠብቃል። በአውራ ጣትህ ስትጫነው አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከገባ በቂ ነው። የወጣውን ሮንዴላ እንዳትጥለው፤ ውጭ በኩል መልሰህ እሰረው።

እስቲ የኋላ ኮፈኗን ክፈትና ሞተሩን ከቦ ያለውን ላሜራ እይ። ጥቁሩ ላሜራና ዙሪያውን የሚዘጋው ጎማ ሞተሩን ለሁለት ይከፍሉታል፤ ከላይ ማራገቢያው የሚስበው ቀዝቃዛ አየር፣ ከታች ሲሊንደሮቹን አልፎ የሚወጣው ትኩስ አየር። ጎማው ካለቀ ወይም አንድ ላሜራ ከጎደለ ማራገቢያው የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። የካንዴላ ገመዶቹ ጫፍ ላይ ያሉት ክብ ጎማዎች እንኳ ሥራቸው ያንን ቀዳዳ መዝጋት ነው። ቮልስ ትሞቃለች እየተባለ ከሚመጣልኝ መኪና ውስጥ አብዛኛው ላሜራው ወይም ጎማው የጎደለ ነው። ሜካኒኩ ሞተር ሲያወርድ «ይህ ምን ያደርጋል» ብሎ ጥግ ላይ ጥሎት ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ ማግኒዚየም ቅይጥ የሆነው ቤቱ ይለሰልሳል፣ የሲሊንደር ራሱን የያዙት ረጃጅም ብሎኖች ጥርሳቸው ይለቃል። ከዚያ «ይህ ሞተር አልቋል፣ ቶዮታ እናስገባ» ይባላል። አየህ ነገሩ ከየት እንደሚነሳ? በትንሽ ጥፋት የተጀመረ ነገር ነው ሞተሩን የሚያስወግደው።

ቶዮታውን ብታስገባ ምን እንደሚከተል ልንገርህ። ሞተሩ ውሃ ይፈልጋል፤ ራዲያተሩን ከፊት ወይም ከጎን ለማስቀመጥ ቦዲ ይቆረጣል። ካምቢዮው፣ የኋላ አክሱና አራቱ ታምቡሮች ለ40 የፈረስ ጉልበት የተሠሩ ናቸው፤ ጉልበቱ በእጥፍ ሲጨምር ፍሬኑ እንደነበረ ይቀራል። ክብደቱ ከኋላ ይበዛል፤ ያንተ ሞዴል የኋላ አክስ ደግሞ ዝም ብሎ የሚሸከም አይደለም፣ ከዚህ በታች እመለስበታለሁ። ሊብሬህ ላይ የሞተር ቁጥር ተጽፏል፤ ሞተሩን ስትለውጥ እሱን የማስለወጥ ጣጣ አለ፣ ካላስለወጥክም ለቦሎ ምርመራ ስትቀርብና ስትሸጥ ይጠይቅሃል። ቮልስ የሚያውቅ ገዢ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ሁለት ቦታ ነው፤ ከኋላ መቀመጫው ሥር የተቀረጸውን የሻንሲ ቁጥርና ከዲናሞው እግር ሥር ያለውን የሞተር ቁጥር። ሁለቱ ከሊብሬው ጋር ከተስማሙ ዋጋው ላይ ይነጋገራል፤ ካልተስማሙ ቀለሙን ሳያይ ይሄዳል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያሉን ቮልሶች ያሉን ናቸው። አንድ የተቆረጠ ቦዲ አንድ የጠፋ ቮልስ ነው።

ኤሌክትሪክ እናድርጋት የሚሉም አሉ። ሞተሯ ጠፍቶ ቅርፊቷ ብቻ የቀረች መኪና ላይ ቢሆን እሰማለሁ። ሞተሯ በቁጥሩ ያለ፣ ተነስታ የምትሄድ መኪና ላይ ግን አልስማማም።

ሰፊ ቸርኬና ዝቅ ማድረግ። ያንተ መኪና የኋላ ጎማዎች የተያዙት ካምቢዮው አጠገብ ብቻ በሚታጠፍ አክስ ነው፤ ስለዚህ አክሱ ሲወርድና ሲወጣ ጎማው አብሮ ያዘነብላል። ኩርባ ላይ በፍጥነት ገብተህ ድንገት ነዳጅ ከለቀቅክ ወይም ፍሬን ከያዝክ የኋላው ከፍ ብሎ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፣ መኪናዋም ቂጧን ይዛ ልትዞር ትችላለች። ይህን ጠባይ ልክ የሚያስገባው የጎማ ነፋስ ነው፤ ከፊት አነስ፣ ከኋላ በዛ ማለት ነው። ለራዲያል ጎማ ከፊት 18፣ ከኋላ 27 አድርግ። ጎሚስታው «ይህ እንዴት ይሆናል?» ብሎ አራቱንም 30 ሊነፋልህ ይሞክራል። አጠገቡ ቁም። ሰፊ ቸርኬ መሪውን ያከብደዋል፣ የፊቱን ኩሽኔታ ይጭናል፣ በዝናብ ጊዜ ቀላሉን አፍንጫዋን ውሃ ላይ ያንሳፍፈዋል። ዝቅ ስታደርጋት ደግሞ ለእኛ መንገድ የተሰጣትን ትልቁን ስጦታ ትወስድባታለህ። ከሥሯ ጠፍጣፋ ናት፤ ሞተሩ የሚገፉት ጎማዎች ላይ ተቀምጧል፤ ጭቃ ላይ ትልልቅ መኪና ቆሞ እሷ ስታልፍ ያላየ የገጠር ሰው የለም።

ወደ ግራ መሳቧ የታምቡር ፍሬን የተለመደ አቤቱታ ነው። የእነዚህ ፍሬኖች ሸራ ሲያልቅ ራሱን አያስተካክልም፤ በትንሿ ቀዳዳ በካቻቢቴ ጥርሱን እያዞርክ ጎማው ነካ እስኪያደርግ ታጠብቅና ትንሽ ትመልሰዋለህ። አንድ ጎን ብቻ ተስተካክሎ ሌላው ከቀረ ትስባለች። ከተስተካከለም በኋላ ከሳበች በቀኝ በኩል ያለው ትንሿ የፍሬን ፓምፕ ተጣብቃለች ወይም የጎማ ቱቦው ከውስጥ አብጦ ዘይቱን አያሳልፍም። በትክክል የተሠራ የቮልስ ፍሬን ለቮልስ ክብደት ይበቃል።

መብራቱ ደግሞ ገንዘብ አያስወጣህም። የ1968ቷ 12 ቮልት ናት፤ እንደ ቀደምቶቹ ባለ 6 ቮልት አይደለችም፣ ስለዚህ ደካማ መብራት ሰበብ የላትም። ከመሪው አጠገብ ዳሽቦርዱ ሥር ያለውን የፊውዝ ሳጥን ክፈት። ፊውዞቹ ጥይት መሳይ ናቸው፤ እያንዳንዱን በሁለት ጣትህ ይዘህ እቦታው ላይ እንዳለ ጥቂት ጊዜ አሽከርክረው። ጫፉ ላይ የያዘው ዝገት ይፋቃል፤ አንዳንዴ መብራቱ እዚያው ዓይንህ እያየ ይደምቃል። ከዚያ ማሳውን፣ ማለትም ከቦዲው ጋር የሚገናኘውን ሽቦ ሁሉ ፈትተህ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገህ መልሰህ እሰር። ከካምቢዮው አፍንጫ ወደ ቦዲው የሚሄደው ጠፍጣፋ የተጠለፈ ሽቦ በተለይ ይረሳል፤ እሱ ሲዝግ ሞቶሪኖውም ይደክማል። ለሳውንድ ሲስተሙ መልሴም እዚሁ አለ። ዲናሞው ቢበዛ 30 አምፒር ነው የሚሰጠው፤ ማታ በዝናብ መብራት፣ መጥረጊያና ትልቅ አምፕሊፋየር አብረው ከጠየቁት ባትሪው ነው የሚከፍለው። ዳሽቦርዱ ላይ ባለችው ቦታ የምትገባ ትንሽ ሬዲዮ ይብቃህ።

ከሁሉ ይልቅ እንድትማርልኝ የምፈልገው የቫልቭ ማስተካከልን ነው። ራስህ ሥራው፤ ለማንም አትስጥ። ማታ አቁመሃት ያደረ፣ ፍጹም የቀዘቀዘ ሞተር ይሁን። የኋላውን በክሪክ አንስተህ በድጋፍ አስቀምጣት። በሁለቱም ጎን የቫልቭ ክዳኑን የያዘችውን ሽቦ በካቻቢቴ ወደ ታች ስትጫናት ትለቃለች፤ ጥቂት ዘይት ይንጠባጠባል፣ ሥሩ ጨርቅ አድርግ። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንሳና ሞተሩን በፑሌጃው በእጅህ አዙር፤ ውስጥ የምትዞረው ጣት ከከንፈሩ ላይ ካለችው ጭረት ፊት ስትቆም፣ የፑሌጃው ምልክትም የሞተሩ ቤት ከተጋጠመበት መስመር ጋር ሲገጥም አንደኛው ሲሊንደር ዝግጁ ነው። 0.15 ሚሊ ሜትር የሆነውን መለኪያ ላሜራ በቫልቩና በብሎኑ መሃል አስገባ። ሲንሸራተት ትንሽ ያዝ ማድረግ አለበት፤ እንደ ልቡ ከገባ ላልቷል፣ ካልገባ ጠብቋል። የ13 ቁልፍ ዳዶውን ትይዛለህ፣ ካቻቢቴው ብሎኑን ያዞራል፤ ዳዶውን ስታጠብቅ ብሎኑ አብሮ ስለሚሄድ እንደገና ለካ። ከዚያ ፑሌጃውን ወደ ግራ፣ በሰዓት ዘንግ ተቃራኒ፣ ግማሽ ዙር ስታዞር ሁለተኛው ይመጣል፤ ሌላ ግማሽ ዙር ሦስተኛው፣ ሌላ ግማሽ ዙር አራተኛው።

ሦስተኛው ላይ ተጠንቀቅ። የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው ከእሱ በላይ ስለሆነ የሚደርሰው አየር የሞቀ ነው፤ ሁልጊዜ ከሌሎቹ ይግላል። የሦስተኛው የጭስ ቫልቭ በተስተካከለ ቁጥር እንደገና ጠብቆ ከተገኘ ቫልቩ እየተሳበ ነው፤ የቫልቩ ጭንቅላት ተቆርጦ ፒስተኑ ላይ ሳይወድቅ የሲሊንደር ራሱን አስፈታ። ይህን የሚነግርህ ኮምፒውተር የለም፤ የሚነግርህ በየጊዜው ጽፈህ የያዝከው ቁጥር ነው። ዘይቱንም በዚያው ቀን ቀይር፤ ሁለት ሊትር ተኩል ነው፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ። የወረቀት ፊልትሮ የለውም፤ ከሥር ወንፊት አለ፣ በስድስት ትንንሽ ዳዶ የታሰረ። ወንፊቱን አውጥተህ እጠብ፤ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለ ንገረኝ። ዳዶዎቹን ስትመልስ በትንሽ ቁልፍ፣ በጣት ጉልበት ብቻ እሰር። ያ ለስላሳ ብረት በጡንቻ የሚያስር ሰው አይወድም።

እኔ ምንም አይነካ የምል ሰው እንዳልመስልህ። የደህንነት ቀበቶ ከሌላት አስገጥም። የእሳት ማጥፊያ መቀመጫው አጠገብ ይኑር። ለፊት መብራቶቹ ሪሌ ብታስገባ ማብሪያ ማጥፊያው ዕድሜ ያገኛል። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የምትገባ የኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ብትፈልግ አልከለክልህም፤ የድሮዎቹን መገናኛዎች ግን በወረቀት ጠቅልለህ ፖርታባጋሊው ውስጥ አስቀምጥ፤ መንገድ ላይ ኤሌክትሮኒኩ ሲሞት በካቻቢቴ መልሰህ ትነሳለህ። እኔ የምለካው በዚህ ነው፤ ነገ በቁልፍና በካቻቢቴ ወደነበረበት የሚመለስ ከሆነ ይሁን፣ ብየዳና መቁረጫ የሚጠይቅ ከሆነ አይሁን። ቀለምም ቢሆን ስትቀባት ባትላሜራው ከበሮቹ ሥር ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በስቱኮ እንዳይደፍናቸው ቆመህ ጠብቅ። ውሃው መውጫ ካጣ ከውስጥ ይበላታል። የመጀመሪያ ቀለሟን ለማወቅ ፖርታባጋሊውን ከፍተህ ታንኩ አካባቢ ያልተነካ ቦታ ፈልግ።

መለዋወጫ እንዳያሳስብህ። ሶማሌ ተራ ደህና ሰው ይዘህ ከፈለግህ ብዙ ነገር ታገኛለህ፤ የቆየ ዕቃ ስታገኝ ግን ጎማ ነክ የሆነውን አትግዛ፣ መደርደሪያ ላይም ያረጃል። ብራዚልና ሜክሲኮ ለብዙ ዓመታት ሲያመርቷት ስለቆዩ ዕቃዋ ዛሬም በዓለም ላይ ይሠራል። አሜሪካ ወይም ጀርመን ዘመድ ካለህ የሞተር ዙሪያ ጎማ፣ የካርቡራተር ጓርኒሲዮን፣ ጄቶችና የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጁም።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ የምትነዳት መኪና የራሷ ወግ አላት። ቦዲዋ አየር አያስወጣም፤ መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው በሩ እምቢ ሲልህ ትንሿን የማዕዘን መስታወት ከፈት አድርግ፣ በሩ ዝም ብሎ ይገጥማል። ወደ ኋላ ማርሽ ለማስገባት ዘንጉን ወደ ታች ተጭነህ ወደ ግራ ከዚያ ወደ ኋላ ሳብ። የፊት መስታወቱን የሚያጥበው ውሃ የሚገፋው በመለዋወጫ ጎማው ነፋስ ነው፤ ጎማውን ከሌሎቹ በላይ ንፋው፣ ግፊቱ ሲወርድ ቫልቩ ራሱ ስለሚዘጋ ጎማው ባዶ አይሆንብህም። ሐምሌና ነሐሴ ጠዋት መስታወቱ ሲጨልም ከእጅ ፍሬኑ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት እጀታዎች አንሳ፤ ሞቃት አየሩ የሚመጣው ማርሚታው አካባቢ ካሉት ማሞቂያዎች ነው። ሙቀቱ ጭስ ጭስ ከሸተተ ግን መስኮት ክፈትና በዚያው ሳምንት አስጠግን፤ ያ ጭስ ሰው ይገድላል። ከዚህ ውጭ ምንም አትፍራ። እሑድ ጠዋት ደብረ ሊባኖስ ድረስ ውሰዳት። ሱሉልታን አልፈህ ሜዳው ሲከፈት አራተኛ ማርሽ ላይ በሰባና በሰማንያ መሃል ልቀቃት፤ ያኔ የምትሰማው ወጥ ድምፅ ላሜራው የሞላ፣ ቫልቩ የተስተካከለ ሞተር ድምፅ ነው፤ እኔ በዚህ ሥራ የቆየሁት ያንን ድምፅ ለመስማት ነው ብል አላጋነንኩም።

የቤንዚን ቱቦውን ዛሬውኑ፣ ፍሬኑንና መብራቱን በሚቀጥለው ሳምንት ጨርስ። ጄቱን ለመምረጥ ካንዴላዎቹን ስትፈታ የአራቱንም ቀለም በየተራቸው፣ ካርቡራተሩ ላይ የተቀረጸውን ዓይነትና የጄቷን ቁጥር ጻፍልኝ፤ ስንት ቁጥር መውረድ እንዳለብህ ያኔ እነግርሃለሁ።